በራሱ የሚነሣው ኮምፒውተር

ሄልካ ማንኪያውን ወደ አፏ ልታደርስ ስትል ከኡኪ ክፍል «ጢጥ» የሚል ድምፅ ተሰማ።

ከዚያ ማራገቢያው መዞር ጀመረ። መጀመሪያ አቃሰተ፣ ቀጥሎ አፏጨ፣ በመጨረሻ አንድ ወጥ ሆኖ መንፈስ ቀጠለ። ሄልካ ድምፁን በደንብ ታውቀዋለች፤ የኡኪ ኮምፒውተር ሲነሣ የሚያሰማው ነው። ችግሩ፣ አሁን የሚያስነሣው ሰው የለም። ቤቱ ውስጥ ያሉት እሷና ሙሞ ብቻ ናቸው፤ ሁለቱም ወጥ ቤት ተቀምጠው የሐሙስ የአተር ሾርባቸውን እየበሉ ነው። የኮምፒውተሩ ባለቤት ኡኪ፣ የሄልካ ወንድ አያት፣ ካረፈ ስምንት ወር ሆኖታል።

ሙሞ የያዘችውን ዳቦ አስቀመጠች። የሄልካ እናት ከድንበሩ ማዶ ኖርዌይ ሆስፒታል ውስጥ ስለምትሠራ ልጅቷ የምትኖረው ከዚህች ሴት አያቷ ጋር ነው። ሙሞ ሰባ አራት ዓመቷ ነው፤ በቀላሉ የምትደነግጥ ሴት አይደለችም። አሁን ግን ቅንድቧ ተሰብስቧል።

«ስልክሽን ነካሽው እንዴ?» አለች።

«ስልኬ መኝታ ቤት ነው። ለምን?»

«በስልክሽ አይደለም እንዴ የምታስነሺው?»

«እኔ?» ሄልካ ማንኪያውን መለሰችው። «እኔ እኮ አንቺ ነሽ የምታስነሺልኝ ብዬ ነው የማስበው!»

«ያንን ዕቃ መቼ ነክቼ አውቃለሁ?»

የግድግዳው ሰዓት ከቀኑ ስምንት ከአምስት ይላል። ውጭው ድቅድቅ ጨለማ ነው፤ ፀሐይ ከጠለቀች ሁለት ሳምንት አልፏታል፣ እስከ ጃንዋሪ አጋማሽም አትመለስም።

ነገሩ እንዲህ ሆኖ ነው የከረመው። ሄልካ ዘንድሮ ከትምህርት ቤት ዘጠኝ ተኩል ላይ ስትመለስ ኮምፒውተሩን በርቶ ታገኘዋለች። ኡኪ በሕይወት እያለም እንዲሁ ነበር። «ምስኪን ሙሞ፣ ናፍቆቱ ቢብስባት ነው የምታበራው» ብላ አንድም ቀን አልጠየቀችም። ሙሞ ደግሞ ድምፁን በሰማች ቁጥር «ይቺ ልጅ ከትምህርት ቤት ሆና በስልኳ ታስነሣዋለች፤ አያቷ ቢናፍቃት ነው፣ ምን አገባኝ» ብላ ታልፈዋለች። የበጋውን ዕረፍት ደግሞ ሄልካ ኖርዌይ እናቷ ጋ ነው ያሳለፈችው። የመንደራችን የኮርፒያርቪ ሰው እንዲህ ነው። ቤቱ እየተቃጠለ እንኳ ጎረቤቱን ከመጥራቱ በፊት «ተኝቶ ከሆነስ?» ብሎ ቆም ይላል። ስምንት ወር ሙሉ ሁለት ሰው በአንድ ጣሪያ ሥር፣ አንዷ የሌላዋን ቁስል እንዳትነካ ብላ፣ ዝም ተባብለው ኖሩ። ያን ቀን ሄልካን ጉንፋን ይዟት ቤት ባትውል ኖሮ ዛሬም ዝም እንደተባባሉ ነበሩ።

ተነሥተው ሄዱ። ሙሞ ጭልፋውን አንሥታ ይዛለች። በሩን ስትከፍተው ክፍሉ ጨለማ ሆኖ ስክሪኑ ብቻ ሰማያዊ ብርሃኑን ይረጫል። ብርሃኑ የኡኪን ወንበር፣ የኡኪን መነጽር፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የኡኪን ሹራብ ይነካካል። ወንበሩ ባዶ ነው።

«ማታ አላጠፋሽውም ነበር?»

«አስተኝቼዋለሁ» አለች ሄልካ። ኡኪ ያስተማራት እንደዚያ ነው፤ «አታጥፊው፣ አስተኚው» ይላት ነበር። እስከዚያች ቀን ድረስ ቃሉ አስፈርቷት አያውቅም።

ሙሞ ባዶውን ወንበር ለጥቂት ጊዜ አየችው። «በይ ነይ፣ ሾርባው ይቀዘቅዛል» አለች። በሩን ከመዝጋቷ በፊት ግን ለወንበሩ አንገቷን ትንሽ ዝቅ አደረገችለት። ሄልካ አይታታለች።

ዓርብ ዕለት ሄልካ ነገሩን እጅ ከፍንጅ ልትይዘው ቆረጠች። ትኩሳቱ ቢለቃትም ሙሞ «ሰኞ ትሄጃለሽ» ስላለቻት ቤት ናት። ዕቅዷ ስምንት ሰዓት ሲሆን ወንበሩ ላይ ተቀምጣ፣ እጇን ሶኬቱ ላይ አድርጋ መጠበቅ ነው። ሰባት ሰዓት ላይ፣ ገና አንድ ሰዓት ሲቀራት፣ ሙሞ እንጨት ልታመጣ ጓሮ ወጣች። ሄልካም እስከዚያው አቧራውን ልጥረግ ብላ ጨርቅ ይዛ ገባች። ስክሪኑ ጥቁር ነው። በጥቁሩ መስታወት ውስጥ የራሷ ፊትና ከኋላዋ የተሰቀለው ሹራብ ይታያሉ፤ ሹራቡ ከጀርባዋ የቆመ ሰው ይመስላል። ከሐይቁ በኩል በረዶው ሲሰነጠቅ የሚያሰማው ያ ረጅም ማቃሰት መጣ። ከልጅነቷ ጀምሮ የለመደችው ነው፤ ያን ቀን ግን አልወደደችውም።

«ጢጥ።»

ጨርቁን ጥላ ወጥ ቤት እንዴት እንደደረሰች አታውቅም። ቀና ብላ ሰዓቱን አየች። ሰባት ከአምስት ይላል። ስምንት አይደለም። ሰባት!

ሙሞ እንጨቱን ታቅፋ ስትገባ ልጅቷን ምድጃው ጥግ ተለጥፋ አገኘቻት። የሆነውን ሁሉ ሰምታ ከመሳቢያው እርሳስ አውጥታ ግድግዳው ላይ ባለው ቀን መቁጠሪያ በሐሙስ ሥር 8፡05፣ በዓርብ ሥር 7፡05 ብላ ጻፈች።

«ምን ልታደርጊበት ነው?» አለቻት ሄልካ።

«የሚመጣበትን ሰዓት ልወቅ» አለች ሙሞ። «እንግዳ ከሆነ ድንች እጨምራለሁ።»

አሥር ሰዓት ላይ ኤልመሪ መጣ። የሄልካ የክፍል ጓደኛ ነው፤ ከሐይቁ ማዶ ስለሚኖር በክረምት በረዶውን በስኪ አቋርጦ ይመጣል። ጫማውን በር ላይ አውልቆ፣ ከኪሱ አንድ የታሰረ ካልሲ አወጣ።

«ጀለስ፣ የገና ስጦታሽ ቀድሞ መጣልሽ!» ብሎ ካልሲውን ጠረጴዛው ላይ ገለበጠው። ከክብሪት ሣጥን የማትበልጥ ስስ ነገር ዱብ አለች። ፕሮሰሰር ናት። የኮምፒውተር ጭንቅላት ማለት እሷ ናት፤ ስሌቱን ሁሉ የምትሠራው።

ሄልካ የፈለገቻት ለጨዋታ አይደለም። ኦውሉ ከተማ ያለ አንድ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ለመግባት የሦስት ደቂቃ የሥዕል ፊልም እስከ ጃንዋሪ አምስት መላክ አለባት። ሥራዋን ጨርሳለች፤ ከወረቀት የተቆረጠች ሴትዮ ፋኖስ ይዛ የጠጠረ ሐይቅ ታቋርጣለች። የቀረው ኮምፒውተሩ እያንዳንዱን ምስል ከነብርሃኑ ከነጥላው አስልቶ ማውጣቱ ነው። ምስሎቹ ሁለት ሺህ አንድ መቶ ስድሳ ናቸው። የኡኪ አሮጌ ኮምፒውተር ደግሞ አንዱን ምስል ለማውጣት ሃያ ደቂቃ ይፈጅበታል። ስታሰላው ሠላሳ ቀን መጣ። የቀራት ሃያ ሦስት ነው።

«በዚህችኛዋ ስምንት ቀን አይሞላም» አለ ኤልመሪ።

«ሶኬቷ ይገጥማል?»

«ይገጥማል። ግን አንድ ጣጣ አላት። ማዘርቦርዱ፣ ሁሉ የሚሰካበት ሰሌዳ፣ አሮጌ ስለሆነ አያውቃትም። መጀመሪያ ባዮሱን ማደስ አለብን፤ ኮምፒውተሩ ዓይኑን ሲገልጥ ከሁሉ በፊት የሚያነባትን ፕሮግራም ማለቴ ነው። አምስት ደቂቃ ነው። በዚያች አምስት ደቂቃ ውስጥ መብራት ብልጭ ካለ ግን...»

«ያንተ ላይ የደረሰው?»

«የእኔ ላይ የደረሰው! ሁለት ሴኮንድ ናት የጠፋችው። ማዘርቦርዱ ድብን አለ። አባቴ ይኸው እስከዛሬ ይስቅብኛል። የተረፈችኝ እቺ ፕሮሰሰር ብቻ ናት።»

በኮርፒያርቪ ደግሞ ብርዱ ከዜሮ በታች ሠላሳን ሲያልፍ መብራቱ በቀን ሁለት ሦስቴ መርገብገቡ የተለመደ ነው። ሄልካ መስኮቱ ላይ ያለውን የሙቀት መለኪያ አየች። ሠላሳ አንድ ይላል።

«ግማሹን ፊልም ለምን አትቆርጪውም?» አለ ኤልመሪ።

«ሴትዮዋ መሃል ሐይቅ ላይ ልትቀር?»

«እሱም አለ።»

ከዚያ ሄልካ ስለ ሐሙሱና ስለ ዓርቡ ነገረችው። ኤልመሪ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

«ኧረ ፋራ አትሁኚ! አያትሽ ሰዓት ሞልቶለት ነው። ባዮስ ውስጥ አለ፤ ቆይ አሁን አሳይሻለሁ።» ኮምፒውተሩን አጥፍቶ አስነሣው፣ ቁልፎቹን ጫን ጫን አደረገ፣ ዝርዝሩን ወደ ታች ወረደ፣ ወደ ላይ ወጣ። ሳቁ እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ሄዶ ጠፋ።

«ምንድነው?»

«ተዘግቷል። በራስህ ተነሥ የሚለው ትእዛዝ ዝግ ነው።» እንደገና አየው። «ቢከፈትም ደግሞ እዚህ የሚሞላው ሰዓት በየቀኑ አንድ ዓይነት ነው። ትናንት ስምንት፣ ዛሬ ሰባት የሚባል ነገር የለም። ሄልካ ሙት በይ! ሙድ እየያዝሽብኝ አይደለም?»

«ሙሞን ጠይቃት።»

ኤልመሪ ሙሞን አልጠየቃትም። «ፕሮሰሰሯን እዚሁ ልተዋት» አለ። ሌላ ጊዜ ፓንኬክ ሳይበላ የማይነቃነቀው ልጅ ያን ቀን ስኪውን አጥልቆ ውልቅ አለ።

ቅዳሜ ኮምፒውተሩ አልተነሣም። ሙሞ ቀኑን ሙሉ ጆሮዋን ጥላ ዋለች። ሄልካም ብትሆን አንድም መስመር ሳታነብ መጽሐፍ ገልጣ ተቀመጠች። ምንም የለም።

«ቅዳሜ ለምን አረፈ?» አለች ሄልካ፣ ከሳውናው፣ ከእንፋሎት መታጠቢያው፣ ወጥተው ልብስ መቀየሪያዋ ክፍል ውስጥ ሲቀመጡ።

«ቅዳሜ ሳውና ነዋ» አለች ሙሞ። «መቼ ቀርቶ ያውቃል?»

ሄልካ ሳቀች። ሙሞ ግን አልሳቀችም።

የዚያች ክፍል ግድግዳ በኡኪ የእጅ ጽሑፍ ተሞልቷል። የእኛ ወንዶች አንደበት የላቸውም፤ በአፋቸው የማይሉትን ሁሉ በሳውና ግድግዳ፣ በጀልባ ቤት በር፣ በዕቃ ሣጥን ክዳን ጀርባ በወፍራም የአናጢ እርሳስ ይጽፋሉ። «ሐይቁ ጠጠረ፣ ኖቬምበር 9።» «ምድጃው ተጠገነ።» «ትልቅ ዓሣ፤ ሚስቴ አላመነችም።» ሠላሳ ዓመት እንዲህ እያለ ወደ ታች ይወርዳል። የመጨረሻው መስመር የኤፕሪል ነው፤ «በረዶው አሁንም ሰው ይሸከማል» ይላል። ዘንድሮ ሐይቁ የጠጠረበትን ቀን የጻፈ የለም።

«አንቺ ለምን አልጻፍሽውም?»

«የእኔ ግድግዳ አይደለም።» ሙሞ ፎጣውን አጥብቃ ያዘችው። ከዚያ ለሄልካ ሳይሆን ለግድግዳው የምትናገር ይመስል ቀጠለች። «ያ ነገር ሲነሣ እኮ ሰው የገባ ነው የሚመስለኝ። አንቺ ነሽ ብዬ እያሰብኩ እንኳ በሩ ድረስ ሄጄ ‹ደህና ዋልክ› እለዋለሁ። ሞኝነት ነው።»

ኦውሉ ከገባች ሙሞ በዚህ ቤት ብቻዋን ነው የምትቀረው። ሁለቱም ያውቁታል፤ አንድም ቀን ግን አንሥተውት አያውቁም።

እሁድም ዝም። ሰኞ ሄልካ ወደ ትምህርት ቤት ተመለሰች። አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጣ ዘጠኝ ሰዓት ሲያልፍ አንገቷ ሥር ቅዝቃዜ ተሰማት፤ ቤት ስትደርስ ሙሞ ቀን መቁጠሪያው ላይ 9፡05 ብላ ጽፋ ጠበቀቻት። ማክሰኞ 9፡05። ረቡዕ ደግሞ 8፡05። እንደ ሰው ነው የሚመጣው፤ አንድ ቀን ቀደም፣ አንድ ቀን ዘግየት እያለ።

«ዛሬ ካልሆነ አለቀ» አለ ኤልመሪ፣ ረቡዕ ከአውቶቡሱ አብሯት ወርዶ። «የቀረሽ አሥራ ስምንት ቀን ነው። ከነገ ጀምሮ ደግሞ የበዓል ጽዳት አለ፣ እናቴ ከቤት አታስወጣኝም።»

«እያሰብኩ ነው።»

«አምስት ቀን ሙሉ አሰብሽ እኮ! እሺ፣ ከፍተን ብቻ እንየው። መክፈት ምን ያመጣል?»

ኮምፒውተሩን አጥፍተው፣ ነቅለው፣ ጠረጴዛው ላይ በጎኑ አጋደሙት። ሄልካ የኡኪን ካቻቪቴ ከመሳቢያ አወጣች። አራቱ ብሎኖች በቀላሉ ወጡ። የጎን ክዳኑ ግን አልንቀሳቀስ አለ፤ ከውስጥ የያዘው ሰው ያለ ይመስላል። ኤልመሪ ትንፋሹን ውጦ ወደ ኋላ ሳብ አደረገው። «ቋ!» ብሎ ወጣ።

ኤልመሪ በስልኩ መብራት ወደ ሆዱ ሲያጎነብስ፣ ሄልካ ክዳኑን አልጋው ላይ ልታስቀምጥ ገለበጠችው።

በክዳኑ ውስጠኛ ገጽ፣ ባልተቀባው ብረት ላይ፣ ከላይ እስከ ወገቡ በወፍራም እርሳስ ተጽፎበታል።

«ሚሞሪ ተጨመረ። ሄልካ ሦስተኛ ክፍል ገባች።»

«ማራገቢያው ተቀየረ። የድሮው እንደ እኔ ያንኮራፋ ነበር።»

«ዲስኩ ተቀየረ። አንድ ቀን ሙሉ ፈጀ፤ ተሳድቤአለሁ።»

«አቧራው ተጠረገ። የሄልካ የፀጉር ማስያዣ ከውስጡ ተገኘ። እንዴት?»

ከሁሉም በታች ያለው መስመር ረዘም ይላል።

«የሄልካ አውቶቡስ። ሰኞ 9፡05፣ ማክሰኞ 9፡05፣ ረቡዕ 8፡05፣ ሐሙስ 8፡05፣ ዓርብ 7፡05። ሁሉም ከአውቶቡሱ አሥር ደቂቃ የቀደመ ነው። ልጅቷ በርዷት መጥታ ደግሞ እሱን አትጠብቅ።»

ሄልካ ሦስት ጊዜ አነበበችው። ያለፈው ዓመት የትምህርት ሰዓቷ ነው። ስምንተኛ ክፍል እያለች ሰኞና ማክሰኞ ዘጠኝ ከሩብ፣ ረቡዕና ሐሙስ ስምንት ከሩብ፣ ዓርብ ሰባት ከሩብ ላይ ነበር አውቶቡሱ በር ላይ የሚጥላት። ይህ ኮምፒውተር አርጅቷል፤ ተኝቶ ሲነቃ እስኪሟሟቅ አሥር ደቂቃ ይፈጅበታል። እሷ ግን አንድም ቀን ጠብቃው አታውቅም። ፈጣን ነው ብላ ለሰው ሁሉ ታወራ ነበር።

«ቀኑን እየለየ የሚነሣው ለዚህ ነዋ» አለ ኤልመሪ ቀስ ብሎ። «የሞላው ባዮስ ውስጥ አይደለም፣ ላይኛው ፕሮግራም ውስጥ ነው። የተኛን ኮምፒውተር ፕሮግራሙ ራሱ ሊቀሰቅሰው ይችላል። እንዴት አላሰብኩትም! ክረምት ከበጋ ዝም ብሎ እየተነሣ...»

«ሲጠብቀኝ ነበር» አለች ሄልካ። ከዚያ አለቀሰች። ኤልመሪ የት እንደሚያይ ጠፍቶት ካቻቪቴውን ማገላበጥ ያዘ።

ሙሞ ድምፅ ሰምታ መጣች። እጇን በሽርጧ ጠርጋ፣ መነጽሯን አጥልቃ፣ ክዳኑን ወደ መብራቱ አስጠግታ አነበበች። ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀሳል። «እንደ እኔ ያንኮራፋ ነበር» የሚለው ላይ ስትደርስ አፍንጫዋን ሳብ አደረገች።

«አልቀይረውም» አለች ሄልካ። «መብራት ብልጭ ቢል ይሞታል፣ ሙሞ! ከሞተ ደግሞ አይነሣም። አንቺም ‹ደህና ዋልክ› የምትዪው አይኖርም። ባይሞት ደግሞ ፊልሙ ያልቅና እኔ እሄዳለሁ። ያኔስ? ያኔ አንቺ ምን ልትሆኚ ነው?»

ይኸው ተባለ። ስንት ወር ያልተነሣው ነገር ኤልመሪ ፊት ተዘረገፈ። ልጁ ጆሮው ቀላ።

ሙሞ መነጽሯን አወለቀች። «ይሄ ሰውዬ» አለች፣ ጣቷን ከላይኛው መስመር እስከ ታችኛው እያወረደች፣ «አንድም ዓመት አንድ ነገር ሳይቀይርበት አላለፈም ለካ። እኔ ቁጭ ብሎ ካርታ የሚጫወት መስሎኝ!» ክዳኑን አልጋው ላይ መለሰችው። «ድንቹ እሳት ላይ ነው። ያረረብኝ እንደሆነ ሦስታችሁም ናችሁ ተጠያቂዎቹ» ብላ ወጣች።

ሄልካ ክዳኑን አየችው። ከመጨረሻው መስመር ሥር አንድ ስንዝር ያህል ንጹሕ ብረት ቀርቷል። ወዲያው ደግሞ የወረቀቷን ሴትዮ አሰበቻት፤ ፋኖሷን ይዛ መሃል ሐይቅ ላይ ቆማለች። ሄልካ ፈርታለች።

«ኤልመሪ» አለች። «የባዮሱን ፍላሽ አምጣው።»

ኮምፒውተሩን ከፍተው እንደያዙት ሰኩት። ኤልመሪ ፍላሹን ከትቶ፣ ሁለት ጊዜ አረጋግጦ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ቁልፉን ተጫነ። ስክሪኑ ላይ አንዲት ነጭ መስመር መሄድ ጀመረች። አሥር በመቶ። ሃያ። ሁለቱም አይተነፍሱም። ወጥ ቤት ሬዲዮው ያወራል፣ ድንቹ ይንተከተካል። አርባ። ሐይቁ አቃሰተ። ስልሳ አንድ።

መብራቱ ጠፋ።

የክፍሉም፣ የወጥ ቤቱም፣ የጓሮውም። ሬዲዮው ቃሉን ሳይጨርስ ተቆረጠ። ኤልመሪ «አይ፣ አይ፣ አይ» አለ። በጨለማው ውስጥ ማራገቢያው ሲደክም፣ ድምፁ ወደ ማቃሰት ሲወርድ ሄልካ ሰማችው። ሳታስበው እጇን ልካ የሣጥኑን ቀዝቃዛ ብረት ያዘች፤ የሰው ትከሻ የሚያዘውን ያህል ነው የያዘችው። «ትንሽ» አለችው። «ትንሽ ብቻ።»

መብራቱ መጣ። ሬዲዮው ወሬውን ከመሃል ቀጠለ። ማራገቢያው አፏጨና እንደገና አንድ ወጥ ሆነ። ነጯ መስመር ስልሳ ሁለት ላይ ናት።

«አይሆንም» አለ ኤልመሪ፣ ፊቱ አመድ መስሎ። «ይሄ ነገር እኮ አይሆንም። የእኔው በዚህችው ነው የሞተው።» እስከ ዛሬ ስትጠይቁት ትከሻውን ይነቀንቃል። ምናልባት የኡኪ ዕቃ ጠንካራ ይሆናል፤ እነዚያ የድሮ ዕቃዎች ትንሽ ይታገሣሉ ይባላል። ሄልካ ግን አልጠየቀችውም።

የቀረው እጅ ሥራ ነው። ኮምፒውተሩን መልሰው አጠፉት፣ ነቀሉት። የድሮዋን ፕሮሰሰር አውጥተው፣ ሙቀት የሚያስተላልፈውን ግራጫ ቅባት ቀብተው፣ አዲሷን አስቀመጡ። ሲያስነሡት «ጢጥ» አለ። አንድ ምስል በአምስት ደቂቃ አልሞላ ጊዜ ወጣ። ኤልመሪ ጨፈረ። በዚያ ቀን አምስት ፓንኬክ በላ፤ ያልተበላውንም የዓርቡን ጨምሮ መሆኑ ነው።

ልጁ ከሄደ በኋላ ሄልካ ክዳኑን ከመግጠሟ በፊት መሳቢያውን ፈተሸች። የአናጢው እርሳስ እዚያው ነበር፤ ጫፉ በቢላ ተቀርጿል። ከኡኪ የመጨረሻ መስመር ሥር፣ እጇን እንዳይንሸራተትባት ደግፋ ጻፈች።

«ፕሮሰሰሩ ተቀየረ፣ ዲሴምበር 18። ሞቶ ነበር ማለት ይቻላል። አልሞተም።»

ትንሽ አሰበች። ከዚያ ኤልመሪ ያሳያትን የቀጠሮ ዝርዝር ፕሮግራሙ ውስጥ ከፈተች። የራሷን የድሮ ሰዓቶች አንድ በአንድ አየቻቸው፣ አንድ በአንድ አጠፋቻቸው። ያሁኖቹን የራሷን ሰዓቶች አልሞላችም። ስትጨርስ ክዳኑ ላይ ሌላ መስመር ጨመረች።

«ሙሞ። በየቀኑ 9፡05። ቅዳሜ አይነሣም፣ ሳውና ነው።»

አራቱን ብሎኖች አጠበቀች። ለሙሞ አልነገረቻትም።

ፊልሙ ሳይተኛ ሰባት ቀን ተኩል ሠርቶ ወጣ። ጃንዋሪ ሁለት ላይ ተላከ፤ ሴትዮዋም ሐይቁን ተሻገረች። ትምህርት የተከፈተ ሰሞን አንድ ቀን የኤልመሪ አባት ልጆቹን በመኪና ስላመጣቸው ሄልካ ከወትሮው ቀድማ ደረሰች። አጥሩ ጋ ስትወርድ ዘጠኝ ሰዓት ከአራት ነው። በደቡብ በኩል ሰማዩ ሥር ቀይ ነገር ይታያል።

የኡኪ መስኮት ጨለማ ነበር። ከዚያ ሰማያዊ ሆነ።

ወጥ ቤት ውስጥ የሙሞ ጥላ ከወንበሩ ተነሣ። ሽርጡን አስተካከለ፣ ፀጉሩን ዳሰስ አደረገ፣ ወደ ኡኪ ክፍል ሄደ።

«ምን ቆመሻል?» አለ ኤልመሪ በመኪናው መስኮት ብቅ ብሎ። «ግቢ እንጂ፣ በረዶ ልትሆኚ ነው!»

«አንድ ደቂቃ» አለች ሄልካ።

እጆቿን ብብቷ ሥር ሸጎጠች። ሙሞ ሰላምታዋን እስክትጨርስ ውጭ ቆየች።